መርማሪውን ተመርማሪው ሲቀጥረው፦ ስለ ሥራ ደረጃዎች ቁጥጥር የተሰጠ ምላሽ

ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የሥራ ደረጃዎችን ማክበራቸውን መከታተል ለራሳቸው ለኩባንያዎቹ ቢተው ይሻላል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊው የሚያነሷቸው ችግሮችም ሁሉም የፈጠራ አይደሉም። መልስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ላላነበበ ሰው ሐሳባቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። የሥራ ስምምነቶች የሚያስገድዱት መንግሥታትን እንጂ ኩባንያዎችን አይደለም ይላሉ። ከአቅራቢ ፋብሪካዎች ምርት የሚገዙ ኩባንያዎች (ከዚህ በኋላ «ገዥ» የምለው እነሱን ነው) በግል ኦዲተሮች የሚያስደርጉት ምርመራና በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በቂ ዋስትና ነው፤ ለኦዲተሩ ማን ከፈለው ብሎ መጠየቅም የሙያውን ክብር መንካት ነው። ድንገተኛ ጉብኝት በእሳቸው ዓይን ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። ሠራተኛ ቅሬታ ካላቀረበ ቅሬታ የለውም። ጉድለት የተገኘበትን ፋብሪካ ስም ማውጣት ገዥን አባሮ ሠራተኛውን ሥራ ያሳጣዋል። በመጨረሻም ጥብቅ ቁጥጥር ድሃ አገሮች ያላቸውን የሥራ ዕድል ይገድላል። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም፤ አንዳንዱ ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስምምነቶቹ የሚያስገድዱት መንግሥታትን ነው»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሚያወጣቸውን ስምምነቶች የሚያጸድቁት አገሮች ናቸው፤ ኩባንያ ፈርሞ የሚገባበት በር የለም። ነገር ግን ስለ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 138 ተጥሶ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ማሽን ላይ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ልጁን የቀጠረው መንግሥት አይደለም። ስለ መደራጀት መብት የሚናገረው ቁጥር 87፣ ስለ ጋራ ድርድር የሚናገረው ቁጥር 98፣ የግዳጅ ሥራን የሚከለክሉት ቁጥር 29 እና 105 ሁሉም የሚከበሩትም የሚጣሱትም ሥራ ቦታ ላይ ነው። የመንግሥት ፊርማ ሕጉን ያመጣል እንጂ የደመወዝ መዝገቡን የሚሞላው መንግሥት አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ጸሐፊው ባቆሙበት ቦታ አልቆመም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ2011 የተቀበላቸው የንግድና የሰብአዊ መብቶች መርሆዎች፣ መንግሥት ግዴታውን ተወጣም አልተወጣ ኩባንያ መብትን የማክበር የራሱ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራሉ። የሥራ መብትን በተመለከተ መለኪያ ያደረጉት የሥራ ድርጅቱን የ1998 የመሠረታዊ የሥራ መብቶች መግለጫ ነው፤ በመግለጫው ላይ በ2022 ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት ተጨምሮበታል። መርሆዎቹ አስገዳጅ አይደሉም ይባል ይሆናል። ፈረንሳይ በ2017 ያወጣችው፣ ትልልቅ ኩባንያዎች በራሳቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የመብት ጥሰትን የሚከላከሉበት ዕቅድ እንዲያዘጋጁ የሚያዘው የጥንቃቄ ግዴታ ሕግ ግን አስገዳጅ ነው። በዲሴምበር 2023 የፓሪስ ፍርድ ቤት የአገሪቱን የፖስታ ድርጅት ላ ፖስትን፣ ያዘጋጀኸው የጥንቃቄ ዕቅድ በቂ ስላልሆነ አሻሽል ብሎ አዝዞታል። ጉዳዩ በንዑስ ተቋራጮች ዘንድ ስለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ ክሱን ያቀረበውም የሠራተኛ ማኅበር ነው። የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግም ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ እንዲላላ የሚደረገው ግፊት ራሱ ጥርስ እንዳለው ምስክር ነው።

ሌላም አለ። ታላላቆቹ ገዥ ኩባንያዎች ለአቅራቢዎቻቸው በሚሰጡት የሥነ ምግባር ደንብ ላይ እነዚሁኑ ስምምነቶች አንዳንዴ ከነቁጥራቸው ይጠቅሳሉ። ደንቡን ሲያስተዋውቁ ስምምነቱ ይመለከተናል፣ ሲጠየቁ ግን መንግሥትን ጠይቁ ማለት እንዴት እንደሚያስኬድ ጸሐፊው ቢያስረዱን ደስ ባለኝ።

«የምስክር ወረቀቱ በቂ ዋስትና ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የጽሑፋቸው ምሰሶ ይህ ነውና።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በፓኪስታን ካራቺ ከተማ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በእሳት ጋይቶ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩ። ፋብሪካው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤስ.ኤ. 8000 የሚባለውን፣ የሠራተኛ አያያዝን በሚለኩ ማኅበራዊ ደረጃዎች ዓለም ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን የምስክር ወረቀት ተቀብሏል። ወረቀቱ የወጣው በአንድ የጣሊያን መርማሪ ድርጅት ስም ነው፤ ቦታው ላይ ምርመራውን ያካሄደው ግን ሥራው በውክልና የተላለፈለት የአገሩ ድርጅት ነበር።

ጸሐፊው ይህን አደጋ ራሳቸው ያነሱትና «እሳቱን የለኮሱት ወንጀለኞች መሆናቸውን ፍርድ ቤት አረጋግጧል፤ ስለዚህ ኦዲቱ አይወቀስም» ብለው ያልፉታል። በ2020 የካራቺ ፀረ ሽብር ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ መሆኑን ወስኗል፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን እሳት መለኮስና በር መቆለፍ ሁለት ጥፋቶች ናቸው፤ የአንደኛው ጥፋተኛ መገኘት ሌላኛውን ነፃ አያወጣም። የአደጋ ጊዜ መውጫ የሚሠራው እሳቱ በማንም እጅ ቢነሳ ሰው እንዲወጣበት ነው። ኦዲተሩ እንዲያይ የተላከውም ለኳሹን ሳይሆን በሩን ነበር። ሰው ሊያመልጥበት የማይችል ሕንፃ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል እንዲህ ያለ ወረቀት የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

ሰባት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2013፣ በባንግላዴሽ ዳካ አጠገብ ሳቫር ውስጥ የነበረው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ራና ፕላዛ ተደረመሰ። ቢያንስ 1,134 ሰዎች ሞቱ። በሕንፃው ከነበሩት የስፌት ፋብሪካዎች መካከል ማኅበራዊ ኦዲት፣ ማለትም የሥራ ሁኔታ ምርመራ፣ የተደረገባቸው ነበሩ። የኦዲት ድርጅቶቹ በኋላ የሰጡት መልስ፣ የሕንፃውን ጥንካሬ መመርመር ሥራችን አልነበረም የሚል ነው። ውላቸውን ላየው ሰው ትክክል ናቸው፤ የሚያሳስበውም ይኸው ትክክለኛነታቸው ነው። ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስነው ከፋዩ ከሆነ፣ ማንም ሳይዋሽ ሰው ሊያልቅ ይችላል።

ስለ ራና ፕላዛ ጸሐፊው ያላነሱት ነገር ደግሞ ዋዜማው ነው። ኤፕሪል 23 ቀን ሕንፃው ላይ ስንጥቅ ታየ። ታችኛው ፎቅ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ጠዋት ግቡ ተባሉ፤ ደመወዛችሁ ይያዛል ተብለው የተስፈራሩም ነበሩ። ስንጥቁን ለማየት ባለሙያ መርማሪ አላስፈለገም፤ ሁሉም አይቶታል። የጎደለው አንገባም ብሎ በጋራ የሚቆም ማኅበር ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱም የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም። ጸሐፊው የመደራጀት መብትን «ከደኅንነት ጋር የማይገናኝ ፖለቲካ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘሉት ይህን ጠዋት ቢያስቡት ጥሩ ነበር።

ማኅበራዊ ኦዲት የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም። የሚቆጠር ነገር ላይ ይሠራል፦ የእሳት ማጥፊያ ቁጥር፣ የመጸዳጃ ቤት ብዛት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ የጆሮ መከላከያ። እነዚህ ባለፉት ዓመታት በብዙ ቦታ ተሻሽለዋል፤ ኦዲቱም ድርሻ አለው። የማይቆጠረው ላይ ሲደርስ ነው የሚንሸራተተው። ማኅበር ለማቋቋም ፊርማ ያሰባሰበች ሠራተኛ በሳምንቱ «በሥራ መቀነስ» ምክንያት ስትሰናበት በመዝገቡ ላይ የሚታየው ሕጋዊ የስንብት ደብዳቤ ነው። የሥራ መሪው የሚያደርስባት ወሲባዊ ትንኮሳ የትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም። የትርፍ ሰዓቱ በፈቃድ ይሁን በግዳጅ የሰዓት ካርዱ አይናገርም። ካርዱም ራሱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ለክፍያ፣ አንዱ ለኦዲተር። ይህን ዓይነት የመዝገብ ጨዋታ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኦዲተር ሲመጣ ምን እንደሚመለስ ለሠራተኞች ማስጠናትም እንዲሁ የታወቀ ነው።

«ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ስድብ ነው»

ጸሐፊው የሒሳብ ኦዲተሮችን በምሳሌነት ያቀርባሉ፦ እነሱም የሚከፈላቸው ከሚመረምሩት ድርጅት ነው፤ ማንም አይጠራጠራቸውም ይላሉ። ይህን ምሳሌ ባይመርጡት ይሻላቸው ነበር። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ሲወድቅ መዝገቡን ሲያጸድቅለት የኖረው የኦዲት ድርጅት አርተር አንደርሰን አብሮ ፈረሰ፤ አሜሪካም በ2002 የሳርቤንስ ኦክስሌይን ሕግ አውጥታ በኦዲተሮች ላይ ሌላ ተቆጣጣሪ አስቀመጠች። ከዚያም በኋላ በ2020 በጀርመን የክፍያ ኩባንያው የዋየርካርድ የሒሳብ ማጭበርበር ጉዳይ መጣ። የሒሳብ ኦዲተር ፈቃድ አለው፣ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ በሪፖርቱ ተማምኖ የተጎዳ ሰው ይከሰዋል። ይህ ሁሉ እያለም ይሳሳታል። የሥራ ሁኔታ ኦዲተር ከእነዚህ መጠበቂያዎች አብዛኞቹ የሉትም። ሪፖርቱ የሚሰጠው ለከፈለው ነው፤ ሕይወቱ በሪፖርቱ ላይ የተንጠለጠለው ሠራተኛ ሊያየው እንኳ አይችልም።

ክፍያ ሪፖርትን ያጣምማል ወይስ አያጣምምም የሚለው በስሜት የሚከራከሩበት ጉዳይ አይደለም፤ ተፈትኗል። በሕንድ ጉጃራት ግዛት ተመራማሪዎች ከብክለት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው ፋብሪካዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በአንደኛው ወገን እንደ ቀድሞው ፋብሪካው ራሱ ኦዲተሩን መርጦ ይከፍላል። በሌላኛው ኦዲተሩ በዕጣ ይመደባል፣ ክፍያው ቋሚ ሆኖ ከአንድ የጋራ ቋት ይመጣል፣ የተወሰኑት ሪፖርቶችም በሌላ ሰው ዳግመኛ ይፈተሻሉ። በ2013 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በአሮጌው አሠራር የተመዘገበው የብክለት መጠን በሚገርም ሁኔታ ከሕጉ ጣሪያ በታች፣ ግን ልክ ከሥሩ ላይ ይከማቻል። በአዲሱ አሠራር ኦዲተሮቹ እውነቱን ወደ መጻፍ አዘነበሉ፤ ፋብሪካዎቹም ብክለታቸውን ቀነሱ። የሰዎቹ ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የደመወዛቸው ምንጭ ነው። ብክለትና የሥራ ሁኔታ የተለያዩ ናቸው ለሚል፣ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ የአቅራቢ ፋብሪካ ኦዲቶችን ያጠና ሌላ ምርምር በ2016 ታትሟል። እዚያም የሚመረመረው አቅራቢ ራሱ ሲከፍል የሚመዘገበው ጥሰት ያንሳል። ያው ኦዲተር ወደ ያው ፋብሪካ ሲመላለስም ያንሳል። የኦዲት ቡድኑ ወንዶች ብቻ ሲሆንም ያንሳል፤ ሠራተኞቹ በብዛት ሴቶች በሆኑበት ዘርፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ስለዚህ ጥያቄው ስድብ አይደለም። ማንንም ሌባ አላልንም። ዳኛው ደመወዙን ከተከራካሪው እጅ ከተቀበለ ዳኛው ቅዱስ ቢሆንም ፍርዱ አይታመንም።

«ድንገተኛ ጉብኝት መተማመንን ያፈርሳል»

ይህ አጭር ነው። ጸሐፊው እንደ አዲስ የአክራሪዎች ሐሳብ ያቀረቡት ድንገተኛ ጉብኝት በ1947 በወጣው የሥራ ቁጥጥር ስምምነት ቁጥር 81 ውስጥ የሰፈረ፣ ከ140 በላይ አገሮች ያጸደቁት ሥልጣን ነው። አንቀጽ 12 መታወቂያ የያዘ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ፣ በቀንም ሆነ በሌሊት በማንኛውም ሰዓት ቁጥጥር ወደሚደረግበት የሥራ ቦታ በነፃነት እንዲገባ ይፈቅዳል። ሠራተኛን ብቻውን እንዲያነጋግርም ይፈቅዳል። አንቀጽ 15 ደግሞ ተቆጣጣሪው የጥቆማውን ምንጭ እንዲደብቅ፣ የመጣው በጥቆማ መሆኑንም ለአሠሪው እንዳይናገር ያስገድደዋል። ይህን ያረቀቁት መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ነው። ቀኑ ከሁለት ሳምንት በፊት የታወቀ ጉብኝት የሚያሳየው ፋብሪካው ለጉብኝት ሲዘጋጅ ምን እንደሚመስል ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በብዙ አገር ጥቂት ናቸው፤ ተሽከርካሪ የላቸውም፤ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ለጉቦ የተጋለጡ ናቸው። የሥራ ድርጅቱ እንደ መመዘኛ የሚጠቀምበት ለበለጸጉት አገሮች ለ10 ሺህ ሠራተኛ አንድ፣ ለአነስተኛ ገቢ አገሮች ለ40 ሺህ አንድ ተቆጣጣሪ ነው፤ ያንንም የማያሟሉ ብዙ ናቸው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ በግል ኦዲት እንተካው» ይላሉ። እኔ ግን የግል ኦዲት ገበያ በየዓመቱ የሚበላው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል እንኳ ለእነዚህ ሰዎች ሥልጠናና ደመወዝ ቢውል ብዬ አስባለሁ። የግል ኦዲተር ቅጣት መጣል፣ ማሽን ማቆም፣ ክስ መመሥረት አይችልም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይችላል።

«ቅሬታ አልቀረበም፤ ስለዚህ ችግር የለም»

ሌሶቶ ውስጥ ለታወቁ የጂንስ ምልክቶች የሚሰፉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ገዥዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው፤ ኦዲትም ያስደርጉ ነበር፤ የቅሬታ መንገድም በወረቀት ላይ ነበር። ኦዲቶቹ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ የሚናገሩት አልነበራቸውም። በኋላ አንድ ነፃ የሠራተኛ መብት ተከታታይ ድርጅት ሴቶቹን ከፋብሪካው ግቢ ውጭ፣ አለቃ በማያይበት ቦታ ሲያነጋግር የወጣው ሌላ ነው፦ ቋሚ ለመሆን ወይም ኮንትራት ለማሳደስ ከሥራ መሪ ጋር እንዲተኙ የሚጠየቁ ሴቶች ነበሩ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሠራተኞች። የተለየው የተጠየቁበት ቦታና የጠየቃቸው ሰው ነው።

በ2019 ሌዊ ስትራውስን ጨምሮ ሦስት ገዥዎች፣ የፋብሪካዎቹ ባለቤት ኩባንያ፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች መብት ድርጅቶች አስገዳጅ ስምምነት ተፈራረሙ። ቅሬታ የሚቀበልና የሚመረምር፣ ከአሠሪው ነፃ የሆነ አካል ተቋቋመ፤ ፋብሪካው ውሳኔውን ካልፈጸመ ገዥዎቹ ትዕዛዛቸውን ለመቀነስ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ አቤቱታ መምጣት ጀመረ። በጸሐፊው አቆጣጠር ይህ ፋብሪካው ከስምምነቱ በኋላ ባሰበት ያሰኛል፤ ቅሬታ ጨምሯልና! ቁጥር ሲነበብ ከየት እንደመጣ ካልታየ የሚያደርሰው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ሠራተኛው በነፃነት መናገር በማይችልበት ቦታ ኦዲት ትርጉም እንደሌለው የኦዲት ድርጅቶቹ ራሳቸው የተናገሩበት ጊዜም አለ። በ2020 አምስት የታወቁ ድርጅቶች በቻይና ሺንጂያንግ ግዛት የሥራ ሁኔታ ኦዲት ማካሄድ እንደሚያቆሙ ተዘገበ፤ ምክንያቱ የፖሊስ ክትትሉ ከሠራተኛ እውነተኛ ቃል እንዳይገኝ ማድረጉ ነው። ያ ምክንያት በሺንጂያንግ እጅግ ጎልቶ ታየ እንጂ በሌላ ቦታም በልኩ አለ። ሥራ አስኪያጁ በመረጠው ክፍል፣ ሥራ አስኪያጁ በመረጣት ሠራተኛ፣ በር ላይ የቡድን መሪዋ ቆማ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ዝምታን ይመዘግባል፤ ዝምታውም ሪፖርቱ ላይ «ጉድለት አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል።

«ስም ማውጣት ሠራተኛውን ይጎዳል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሁሉም በላይ ወደ እውነት ይቀርባሉ። ጉድለት ሲገለጥ ገዥው ትዕዛዙን ሰርዞ፣ ስሙን አጽድቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ልማድ በእርግጥ አለ። የተበደለችው ሠራተኛ በበደሉ ላይ ሥራዋንም ታጣለች። ይህን ማንም የሠራተኛ መብት ተከራካሪ አይወደውም።

ነገር ግን መድኃኒቱ መደበቅ ነው ወይስ ገዥው እንዳይሸሽ ማሰር? ካምቦዲያን እንይ። በ1999 ከአሜሪካ ጋር በተደረገ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ስምምነት አገሪቱ የሥራ ሁኔታዋን ካሻሻለች ወደ አሜሪካ የምትልከው ልብስ ተጨማሪ ኮታ እንዲያገኝ ተደረገ፤ ከ2001 ጀምሮ የሥራ ድርጅቱ ፋብሪካዎቹን እየዞረ ያያል፣ ያልታረሙትንም በስም ያወጣ ነበር። በ2006 ገደማ በስም ማውጣቱ ቀረ። ጉዳዩን ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንዳገኙት የተገኘው መሻሻል አልጠፋም፤ ግን ወደፊት የመሄድ ፍጥነቱ ቀነሰ። በ2014 በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ በስም ማውጣቱ ተመለሰ። ስማቸው በወጣባቸው ዓመታት ኢንዱስትሪው አልተሰደደም፤ እንዲያውም አደገ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራና ፕላዛ በኋላ በሜይ 2013 የተፈረመው የባንግላዴሽ የእሳትና የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ነው። ከ200 በላይ ገዥ ኩባንያዎች ከሁለት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽኖች ጋር የፈረሙት ሕጋዊ ውል ነው። ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎች በመሐንዲሶች ተመረመሩ፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ ሪፖርትና የዕርማቱ ሂደት ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ሠራተኛው አደገኛ ሥራን አልሠራም የማለት መብቱ በውሉ ገባ። ውሉን ያላከበረ ገዥ ወደ ግልግል ዳኝነት ይቀርባል፤ በሔግ በሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ሁለት ጉዳዮች ቀርበው በዕርቅ አልቀዋል፤ በአንዱ ገዥው ኩባንያ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከምስክር ወረቀቱ ዓለም ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። መርማሪው የሚጠየቀው ለተመርማሪው ብቻ አይደለም፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፣ ያልፈጸመም ዋጋ ይከፍላል።

«ጥብቅ ቁጥጥር ሥራ ይገድላል»

የባንግላዴሽ የልብስ ኤክስፖርት በ2012/13 የበጀት ዓመት 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የደኅንነት ስምምነቱ በፋብሪካዎቹ ላይ ጠበቅ ያለበትን ጊዜ አልፎ በ2018/19 ወደ 34 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። ቁጥጥሩ ዕድገቱን አመጣ አልልም፤ ለዕድገቱ ብዙ ምክንያት አለው። ሥራን ይገድላል የሚለው ትንቢት ግን በትልቁ በተፈተነበት ቦታ አልሠመረም። ጥገናውን መሸከም ያልቻሉ፣ የተዘጉ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። የእነሱን መዘጋት ግን ስንጥቅ የወጣበት ሕንፃ ካደረሰው እልቂት ጋር አናወዳድረው።

የጸሐፊው የዋጋ ክርክር እውነተኛ የሚሆነው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ነው። የሥራ ድርጅቱ በ2017 ባወጣው የአቅራቢዎች ዳሰሳ ከመቶ 39ኙ የምርት ወጪያቸውን በማይሸፍን ዋጋ ትዕዛዝ ተቀብለው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይህንን ትዕዛዝ የሚልከው ቢሮና የትርፍ ሰዓት ገደብ ይከበር የሚለውን ደንብ የሚልከው ቢሮ የአንድ ኩባንያ ሁለት ፎቆች ናቸው። የግዢ ክፍሉ ዋጋ ይቀንሳል፣ ቀን ያሳጥራል፣ በመጨረሻው ሰዓት ንድፍ ይለውጣል፤ የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍሉ ደግሞ ሠራተኞቹ ለምን ሌሊት እንደሠሩ እንዲመረምር ኦዲተር ይልካል። ፋብሪካው መሐል ላይ ቆሞ መዝገቡን ሁለት ያደርጋል። ጸሐፊው ስለ ቁጥጥር ወጪ በጻፏቸው ረጃጅም አንቀጾች ውስጥ ስለ ገዥው ዋጋ አንድም ቃል የለም።

መደምደሚያቸው ላይ ኩባንያዎች ስለ ራሳቸው የሚያቀርቡት ዓመታዊ ሪፖርት የውጭ ቁጥጥርን እንዲተካ ይጠይቃሉ። ይህ እኮ ተሞክሯል። የብሪታንያ የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያዛል፤ በመግለጫው ላይ «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» ብሎ መጻፍም ሕጉን ማክበር ነው። ሪፖርቱ ይብዛ ብለው ከሚከራከሩ፣ ሪፖርቱ ውስጥ የግዢ ዋጋውና የማስረከቢያ ቀኑ ይግባ ቢሉ እኔም ከጎናቸው እቆም ነበር። የባንግላዴሹ ውል ገዥዎቹ ለደኅንነት ጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብ ከዋጋ ድርድርም ሆነ ከብድር ወይም ከቀጥታ ክፍያ መገኘቱን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳቸው ነበር። ጸሐፊው ቁጥጥር ውድ ነው ካሉ፣ ሒሳቡ መቅረብ ያለበት ለእነዚያ ገዥዎች ነው።